ባለ ዘውድና ባለ በሬ

ሁለቱም መኪኖች የሚወጡት ከአንድ ፋብሪካ ነበር። አሁን ሳወራው ቀላል ይመስላል፤ ያኔ በንጉሡ ጊዜ ነቀምት ውስጥ ይህን ጮክ ብሎ መናገር ግን ሰው ያስቀይም ነበር። ፋብሪካው ውጭ አገር ነው። ያንኑ መኪና ለአንዱ ገዢ በአንድ ስም፣ ለሌላው በሌላ ስም ይሸጣል። እኛ የፈረንጅ ስማቸው አፋችን ላይ ስለማይገባልን ኮፈናቸው ላይ በተተከለው ምልክት ነበር የምንጠራቸው። አንደኛው ባለ ዘውድ፣ ሁለተኛው ባለ በሬ። ኦሮምኛ የሚቀናው ደግሞ ጎንፎና ቆትዮ ይላቸዋል። ገበያ መሀል «ቆትዮው መጣ!» ከተባለ መንገድ የሚለቅ ብዙ ሰው አልነበረም። «ጎንፎ!» ሲባል ግን ድንች ሻጯ ሳትቀር ጆንያዋን ትጎትታለች።

ልዩነታቸውን በደንብ አውቀዋለሁ። አንደኛው ምልክቱ ነው። ሁለተኛው፣ ባለ ዘውዱ ከኋላ ለሚቀመጥ ሰውም የሲጋራ መተርኮሻ አለው፤ ባለ በሬው ያለው ከፊት ብቻ ነው። በቃ። ሞተሩ ያው፣ ጎማው ያው፣ በሩ ሲዘጋ የሚያሰማው ድምፅ እንኳ ያው ነው። ዋጋቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቅ ነበር። አንድ ሰው ለመተርኮሻ ይህን ያህል ይከፍላል ብሎ ማመን ስለሚከብድ፣ ሰዉ ባለ ዘውዱ ውስጥ ሌላ የተደበቀ ነገር አለ ብሎ ያምን ነበር። አንዳንዱ ብረቱ ነው ይላል። አንዳንዱ ቤንዚን የሚጠጣው በጨዋ ደንብ ነው ይላል።

ከሻምቡ እስከ ደምቢ ዶሎ ድረስ ማን የቱን እንደሚነዳ የሚወስን የተጻፈ ሕግ አልነበረም። ባይጻፍም የሚስተው አልነበረም። ባለ ዘውድ የገዢዎች፣ የባላባቶችና ከእነሱ ጋር ራት የሚበሉ ሰዎች ነው። ባለ በሬ የነጋዴው፣ የሥራ ተቋራጩ፣ የትምህርት ቤት ዲሬክተሩና የፓስተሩ ነው። ጊምቢ ውስጥ ባለ ዘውድ በሁለት እጁ መግዛት የሚችል አንድ የቡና ነጋዴ ነበር፤ ዕድሜ ልኩን በባለ በሬ ሄደ። ለምን ቢሉት «ዓይን ውስጥ አልገባም» ይል ነበር። ሻምቡ ደግሞ አንድ ባላባት ለእርሻው ሥራ ባለ በሬ ገዝተው እንግዳ ሲመጣ ከጎተራ ጀርባ ያስደብቁት ነበር አሉ። እንግዲህ በሬ የሚያስከብረው አገር ላይ፣ ስንት ጥማድ አለህ እየተባለ ሚስት በሚሰጥበት አገር ላይ፣ በሬ ኮፈን ላይ ሲወጣ ለምን እንደሚያሳፍር እስከ ዛሬ የገለጸልኝ የለም።

አባቴ በከተማው ከነበሩት ፍርድ ቤቶች በአንዱ ይሠራ ነበር። የትኛው እንደሆነ አልናገርም፤ ሰዎቹ ባይኖሩም ልጆቻቸው አሉ። ሥራው ተጠባባቂ ሬጅስትራር ነበር። መዝገብ ይከፍታል፣ ቀጠሮ ይሰጣል፣ ማኅተም ይይዛል፣ ዳኛው የረሱትን ያስታውሳል። ሬጅስትራር የሚሠራውን ሁሉ ይሠራል፤ ሬጅስትራር ግን አይደለም። ተጠባባቂ ሲባል ለሁለት ወር ነው ብለውት ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። በሽተኛ ሊጠይቅ ሲሄድ እንኳ «ተጠባባቂው መጡ» ይሉታል። ልክ ሌላ ሰው ሊመጣ ሲል እሱ ቀድሞ የደረሰ ይመስል።

አባቴ በዚህ አይስቅም ነበር። ከልቡ የሚፈልገው ነገር በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነበር፦ ያቺ «ተጠባባቂ» የምትለው ቃል ከስሙ ፊት እንድትነሳለት። ደሞዙም ይጨመር ነበር፤ እሱ ግን ስለ ደሞዙ ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም። ማታ ማታ ወረቀት ላይ ፊርማውን ሲለማመድ አይቼዋለሁ፤ ከሥር «ሬጅስትራር» ብሎ ይጽፍና ይቀደዋል። በዚያ ዓመት ዳኛው በመጨረሻ ለአዲስ አበባ የሚላክ የድጋፍ ደብዳቤ እንዲረቀቅ ፈቀዱ። ያረቀቀውም ራሱ አባቴ ነው፤ ሌላ የሚያረቅ ስላልነበረ። የቀረው የዳኛው ፊርማ ነበር።

እኔ ያኔ የሃያ ዓመት ሴት ነኝ፤ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ፣ አላገባሁም፣ ምላሴም ስል ነው ይሉኛል። ውሸታቸውን አይደለም።

አባቴ መኪና ለመግዛት ለዓመታት ሲያጠራቅም ኖሯል። ያሰበው ባለ በሬ ነበር። ለአንድ ተጠባባቂ ሬጅስትራር ያገለገለ ባለ በሬ ሲበዛበት ነው። በዚያው ሰሞን ግን እርሻ የሚያስተምር አንድ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሊመለስ ሆነና ሁለት ዓመት ብቻ የነዳውን ባለ ዘውዱን ለሽያጭ አወጣው። የሚገዛው ጠፋ። የሚገባቸው ሰዎች ሁሉ ቀድሞውንም አላቸው፤ የሌላቸው ደግሞ አይገባቸውም። ፈረንጁ ዋጋውን ቀነሰ። አሁንም ቀነሰ። መጨረሻ ላይ ባለ ዘውዱ በክብሩ ብዛት ከባለ በሬ በታች ረከሰ። አባቴ ሦስት ቀን ሲያስብ ከረመና ገዛው። ዘውድ ፈልጎ አልነበረም። የረከሰውን ነው የገዛው።

እኔ ግን በደስታ ልሞት ነበር። ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ መተርኮሻውን ስከፍትና ስዘጋ ዋልኩ። ሲጋራ አላጨስም።

ሰኞ ጠዋት አባቴ በመኪናው ሥራ ሄደ። ጥፋቱ የተሠራው እዚያ ነው፤ የሠራውም የፍርድ ቤቱ ዘበኛ ነው። ዘበኛው አሮጌ ወታደር ነበሩ። ማንበብ አይችሉም፤ ምልክት ግን ያነባሉ። ለብዙ ዓመት የሚሠሩበት ደንብ ነበራቸው። ባለ ዘውድ በበሩ ከገባ ከድንጋያቸው ላይ ብድግ ብለው፣ ተረከዛቸውን አጋጭተው፣ ሰላምታ ይሰጣሉ፤ መኪናውንም ግቢው ውስጥ ካለው ትልቅ ሾላ ጥላ ሥር ያስቆማሉ። ባለ በሬ ከገባ ተቀምጠው አንገታቸውን ይነቀንቃሉ፤ መኪናውም ፀሐይ ላይ ይቆማል። ውስጥ የተቀመጠውን ሰው አያዩም። የሰው ፊት ይለዋወጣል፤ ምልክት አይለዋወጥም ይሉ ነበር።

ታዲያ ዳኛው የሚነዱት ባለ በሬ ነበር። በዱቤ ገዝተውት ከአዲስ አበባ ይዘውት የመጡት ነው። ለምን ባለ ዘውድ እንዳልገዙ ማንም ሳይጠይቃቸው «ለዚህ አገር መንገድ በሬው ይሻላል» ይሉ ነበር፤ ሁላችንም በትሕትና እንስማማለን። ሾላው ሥር የሚቆም ባለ ዘውድ ፍርድ ቤቱ ውስጥ ስላልነበረ እሳቸው እዚያ ያቆማሉ። ጥላውም ክብሩም የሳቸው ነበር።

ያን ጠዋት አባቴ ቀድሞ ደረሰ። ዘበኛው ዘውዱን አዩ። ብድግ አሉ፣ ተረከዛቸውን አጋጩ፣ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አደረጉ። አባቴ «ኧረ እኔ ነኝ!» ቢልም እጃቸውን አላወረዱም። እየመሩ ወስደው ሾላው ሥር አስቆሙት። ትንሽ ቆይተው ዳኛው መጡ። ዘበኛው ቁጭ ብለው አንገታቸውን ነቀነቁና ዳኛውን ፀሐይ ላይ አቆሟቸው።

ዳኛው ከሰዓት በኋላ አባቴን አስጠርተው «መኪና ገዛህ አሉኝ። እንኳን ደስ ያለህ» አሉት። ከዚያ ጠረጴዛቸው ላይ የነበረውን የድጋፍ ደብዳቤ አንስተው ቀስ ብለው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። «ይቺን ነገር ትንሽ ቆየት ብለን እናያታለን» አሉ። መሳቢያው ተዘጋ። አባቴ ይህን ሲነግረን መሳቢያው ሲዘጋ እንዴት እንደጮኸ ሁለት ጊዜ ነገረን።

በማግስቱ በእግሩ ሄደ። ሌላም ቀን በእግሩ። ግን መኪናው ደጃችን ቆሞ ሁሉም ያየዋል፤ በእግር መሄዱ ደግሞ ንቀት ሊመስል ነው። ተጠባባቂው ባለ ዘውድ ስላለው መንዳት ሰለቸው ሊሉ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት መኪናውን አስነስቶ «ነዪ፣ ልብስሽን ደርቢና ውጪ» አለኝ።

መጀመሪያ የሄድነው መለዋወጫ መደብር ነው። ባለ መደብሩ ከጉራጌ አገር የመጡ፣ ነቀምት የከበሩ፣ የከተማውን መኪና ሁሉ ከነሕመሙ የሚያውቁ ሰው ነበሩ። አባቴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የበሬ ምልክት እንደሚፈልግ ነገራቸው።

«ለየቱ መኪና?»

አባቴ በአገጩ ውጭ የቆመውን አሳያቸው። ባለ መደብሩ ወጥተው ዘውዱን አዩ። ተመልሰው አባቴን አዩ።

«ጌታው፣ ከበሬ ወደ ዘውድ ለመቀየር የሚመጣ ሞልቷል። ከነሱ በጓሮ በር የማስገባው አለ። ከዘውድ ወደ በሬ ግን እርስዎ የመጀመሪያዬ ነዎት።»

«ይገኛል ወይ ነው የጠየቅኩዎ።»

ሰውዬው ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው ከመደርደሪያው ላይ ሁለት ካርቶን አወረዱና ለእኔ ያሳዩኝ ጀመር። በሁለቱም ውስጥ የውሃ ፖምፓ አለ። አንዱ ካርቶን ላይ ዘውድ ተስሏል፣ ሌላው ላይ በሬ። ፖምፓዎቹ ላይ የተመታው ቁጥር አንድ ነው። «አየሽ ልጄ? ብረቱ ያው ነው። ባለ ዘውድ ያለው ሰው ይቺን የበሬዋን ብሰጠው መኪናዬን ልትገድል ነው ብሎ ፖሊስ ይጠራብኛል። የዘውዱን በእጥፍ ስሸጥለት መርቆኝ ይሄዳል። እኔ የምሸጠው ካርቶን ነው» አሉኝ። የበሬውን ምልክት በነፃ ሰጡን። ገንዘብ መቀበል አሳፍሯቸው ይመስለኛል።

ጋራዡ ውስጥ መካኒኩ፣ አስመራ ከጣሊያኖች የተማረ ዝምተኛ ሰው፣ በካቻቢቴ ዘውዱን ነቀለው። አራት ቀዳዳ ቀረ። ቀዳዳዎቹን በስቱኮ ደፈነ፣ ቀለም ቀባ፣ ሁለት አዲስ ቀዳዳ በሳና በሬውን ተከለ። አሥራ አምስት ደቂቃ አልፈጀም።

እኔ አለቀስኩ። በንዴት ነው። «አባ፣ ሰው ሹመት ሲያገኝ ምልክት ይቀይራል፤ አንተ ግን የገዛ ንብረትህን ሻርከው» አልኩት። መካኒኩ እየሰማ ነው። በአባቴ ላይ እንደዚያ መናገሬ ዛሬም ያንገበግበኛል። እሱ በሬውን በእጀ ጠባቡ ጫፍ እየወለወለ «ኢንተላ ኮ፣ የሚሄደው መኪናው ነው» አለኝ። ልጄ ማለቱ ነው፤ እኔን ማባበል ሲፈልግ ሁልጊዜ በኦሮምኛ ነበር። ዘውዱን በጋዜጣ ጠቅልሎ እናቴ ሳጥን ውስጥ፣ ከሠርግ ልብሷ ሥር አስቀመጠው።

ሰኞ ዘበኛው ተቀምጠው አንገታቸውን ነቀነቁ። አባቴ ፀሐይ ላይ አቆመ። ዳኛው ሾላው ሥር አቆሙ። ሁሉም ነገር ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ከደብዳቤው በቀር። ደብዳቤው እዚያው መሳቢያ ውስጥ ነው።

ሁለት ሳምንት ያህል እንዳለፈ ዘበኛው አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቤታችን መጡ። ጥሪ ሳይኖራቸው መጥተው አያውቁም። «አካም ጅርቱ፣ ነጋ ዳ?» ተባባልን፤ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ልጆቻቸው ጠየቅናቸው። ሁለተኛውን ስኒ ከጠጡ በኋላ ጣሪያ ጣሪያውን እያዩ «ኦቦ፣ ያቺ ነገር…» አሉ።

«የቷ ነገር?»

«ያቺ የነቀሏት። ሥራ ከፈታች ብዬ ነው። ማንም አልላከኝም። ራሴ ነኝ ያሰብኩት።»

ዘበኛው መኪና አልነበራቸውም። በቅሎም አልነበራቸውም። እናቴ እኔን አየችኝ፤ እኔ አባቴን አየሁት። አባቴ ተነስቶ ጓዳ ገባና ጋዜጣውን ይዞ ወጣ። ዘበኛው በሁለት እጃቸው ተቀብለው «ገለቶማ» ብለው ተነሱ። በር ላይ ደርሰው ሳይዞሩ «መሳቢያው ቁልፍ የለውም። ጠዋት ስጠርግ አይቻለሁ፤ ወረቀቷ ከሌሎቹ በላይ ናት» አሉ።

ሰኞ ዳኛው በባለ ዘውድ መጡ። ያው መኪና ነው፣ ያው የተጨረማመተ ፓራፋንጎ፣ ያው የሚያስለው ሞተር፤ ኮፈኑ ላይ ግን የኛ ዘውድ ያበራል። ዘበኛው ብድግ አሉ፣ ተረከዛቸውን አጋጩ። እኔ ትምህርት ቤት መሄጃዬ በዚያ ስለነበረ ቆሜ አየሁ። ዘውዱ ትንሽ ወደ ግራ ተጣሞ ነበር የተተከለው፤ መካኒኩ ሆን ብሎ ይሁን አይሁን አልጠየቅኩም። ከተማው ሁሉ ያውቃል። ከተማው ሁሉ ለዳኛው «እንኳን ደስ ያለዎ» አለ።

ደብዳቤው ግን አልተፈረመም። ዳኛው ይቺ ሳምንት ትለፍ ይላሉ፤ ሳምንቷ ታልፋለች።

ሰኔ ላይ ከአዲስ አበባ አንድ ተቆጣጣሪ መጡ። አጭር፣ ወፍራም መነጽር ያላቸው፣ ያዩትን ሁሉ ደብተር ላይ የሚጽፉ ሰው። ነቀምትን በሁለት ቀን ጨርሰው የጊምቢን መዛግብት ማየት እንደሚፈልጉ ተናገሩ። በየትኛው መኪና እንደሚሄዱ ማንም አልጠየቃቸውም፤ በባለ ዘውዱ ነው። አባቴ መዛግብቱን ጭኖ በባለ በሬው እንዲከተል ታዘዘ። እኔም ጊምቢ የስምንተኛ ክፍል ፈተና እንድቆጣጠር ተመድቤ ስለነበረ ከኋላ ወንበር መዝገብ ታቅፌ ተሳፈርኩ።

እስከ ደዴሳ ቁልቁለት ነው። ቁልቁለት ላይ ሁሉም መኪና ባለ ዘውድ ነው። ሙቀቱ ከታች ጀምሮ ይወጣል፤ ድልድዩን ስንሻገር የአባቴ ሸሚዝ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። ከዚያ ዳገቱ ጀመረ። ጭቃው ገና አልጠናም፤ ግን ይይዛል። ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ስንደርስ ባለ ዘውዱ መሀል መንገድ ላይ ቆሟል፣ ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ይወጣል፣ ዳኛው በባርኔጣቸው ያራግቡለታል። አባቴ ወርዶ ከፍቶ አየ። የውሃ ፖምፓው ሄዷል። እኔ በመደብሩ መደርደሪያ ላይ ያሉት ሁለት ካርቶኖች ትዝ አሉኝና ፊቴን ወደ ሸለቆው አዞርኩ።

ተቆጣጣሪው ሰዓታቸውን አይተው «በበሬው እንሄዳለን» አሉ። ዳኛው ለጉዞው የቀጠሩት ሾፌር ከቆመው መኪና ጋር ቀረ። ተቆጣጣሪው ከአባቴ ጎን ተቀመጡ። ዳኛው ከእኔ ጎን፣ የመሬት ክርክር መዝገብ ጭናቸው ላይ አድርገው።

መኪናችን ዳገቱን ያለ አንድ ሳል ወጣው። ተቆጣጣሪው ሞተሩን አዳመጡ።

«ይገርማል! ይሄ በሬ ከዚያ ዘውድ በምን ይበልጣል?»

ዳኛው ሲጋራ ለኮሱ። ጥቂት ስበው አመዱ ሊወድቅ ሲል በደመ ነፍስ፣ በባላባቶች መኪና ሲሳፈሩ እንደለመዱት፣ እጃቸውን ወደ ፊተኛው ወንበር ጀርባ ሰደዱ፤ ባለ ዘውድ ላይ ብቻ ወደሚገኘው መተርኮሻ። እዚያው አገኙት። ከፈቱት፣ አራገፉ፣ ከዚያ ያደረጉት ገባቸው። እኔን አዩኝ። እኔም አየኋቸው። በአንድ ጣታቸው፣ ድምፅ እንዳያሰማ አድርገው፣ ቀስ ብለው ዘጉት። የቀረውን አመድ በመዳፋቸው ተቀበሉ።

«እኔ እኮ ነው የምጠይቀው» አሉ ተቆጣጣሪው ወደ አባቴ ዞረው። «ምን አድርገህለት ነው?»

አፌን ከፈትኩ። ሁሉም ነገር ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር፤ ፈረንጁ፣ ሾላው፣ ስቱኮው፣ የእናቴ ሳጥን፣ መሳቢያው። ይህ ሰው ደብተር አለው፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። በመስታወቱ ውስጥ የአባቴ ዓይን ከዓይኔ ጋር ተጋጠመ። አልተቆጣም። እየለመነኝ ነበር። አባቴ ሲለምን ያን ቀን ብቻ ነው ያየሁት። አፌን ዘጋሁ።

«ጌታዬ፣ ከአንድ ፋብሪካ ናቸው» አለ አባቴ። «የአያያዝ ነው።»

ተቆጣጣሪው ራሳቸውን ነቀነቁና ደብተራቸውን አወጡ። «ሥራህ ምንድን ነው?»

«ተጠባባቂ ሬጅስትራር።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ።»

«አሥራ አንድ ዓመት!» መኪናው እየተንገጫገጨ ጻፉት። «እንዲህ ያለ ሰው እዚህ አለ ብሎ የነገረኝ የለም እኮ።» ዳኛው ከኋላ ጉሮሯቸውን ጠረጉና በጣም ታታሪ ሠራተኛ መሆኑን፣ ለሱ የድጋፍ ደብዳቤ በዚሁ ሳምንት እንደሚልኩ ተናገሩ። አመዱ መዳፋቸው ውስጥ ነው።

ተናግረው አልቀሩም፤ ፈርመው ላኩት። አባቴ ያረቀቀው ላይ በራሳቸው እጅ ሁለት መስመር ምስጋና ጨምረውበት ነበር። ተቆጣጣሪውም የራሳቸውን ሪፖርት ላኩ። ያን ክረምት ቤታችን እንዴት ደስተኛ እንደነበረ መናገር አልችልም። አባቴ እጀ ጠባብ ትቶ ኮትና ሱሪ አሰፋ። ፊርማውን ሲለማመድ ወረቀቱን መቅደድ ተወ።

መልሱ የመጣው ጥቅምት ላይ ነው። ያነበበልን እሱ ራሱ ነው፣ ቆሞ፣ ችሎት ላይ እንደሚያነበው አድርጎ። ደብዳቤው አባቴን ያመሰግናል። በተጠባባቂነት አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያለ አንዳች ጉድለት መሥራቱን ከሁለት ወገን መረዳታቸውን ይገልጻል። ስለዚህ ሥራው በተጠባባቂ፣ በነበረው ደሞዝ፣ በሚገባ ሊሠራ እንደሚችል በመረጋገጡ ለቦታው ሬጅስትራር መመደብ አስፈላጊ ሆኖ አልተገኘም ይላል። ለሌሎች ፍርድ ቤቶችም ምሳሌ እንዲሆን ግልባጭ ተልኳል።

አባቴ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። «ደህና ተጽፏል» አለ። ከዚያ ካቻቢቴ ይዞ ወጣ።

በሬውን ነቀለው። ስቱኮውን ደግሞ በካቻቢቴው ጫፍ እየፈለፈለ አራቱንም አሮጌ ቀዳዳዎች ከፈታቸው። ከሁለቱ ጋር ስድስት ሆኑ። ምንም አልተከለበትም። እኔ አጠገቡ ቆሜ ነበር። ትከሻው ላይ እጄን ላደርግ ፈልጌ አፈርኩ። ባለ መደብሩ ይህን ሰምተው ቤታችን ድረስ መጥተው «የቱን ላምጣልዎ? የፈለጉትን፣ ከኔ ነው» ቢሉት «ምንም» አላቸው።

የተቸገሩት ዘበኛው ናቸው። ምልክት የሌለው መኪና በዘመናቸው ገጥሟቸው አያውቅም። በመጀመሪያው ቀን ተቀምጠው ቀሩ፤ አልሆነላቸውም። በሁለተኛው ቀን ብድግ አሉ፤ እሱም አልሆነም። በመጨረሻ ከድንጋዩ ግማሽ ተነስተው፣ ጉልበታቸውን አጥፈው፣ እጃቸውን እስከ ደረታቸው ብቻ ያነሱ ጀመር። መኪናውንም ግማሹን ጥላ ግማሹን ፀሐይ ላይ አስቆሙት። ከተማው ስም ለማውጣት ጊዜ አልፈጀበትም፤ መኪናውን «ተጠባባቂው» አለው።

ዳኛው ከዓመት በኋላ ተሹመው ሄዱ። አባቴ አራት ዳኛ አገለገለ፤ ጡረታ የወጣውም በተጠባባቂነት ነው። የጡረታ ወረቀቱ ላይ ቃሏ በደማቁ ተጽፋለች። መኪናውን አንድ የጉቶ ጊዳ ገበሬ በቆሎ ሊጭንበት ገዛው፤ ሲገዛ ዘውድ ነው በሬ ብሎ አልጠየቀም፤ ዳገት ይወጣል ወይ ብቻ ነው ያለው።

አባቴ ሲሞት የመቃብሩን ድንጋይ ያሠራሁት እኔ ነኝ። ድንጋይ ጠራቢው በአንድ ወቅት በመሬት ክርክር ፍርድ ቤት የተመላለሰ ሰው ነበር፤ አባቴን ያውቀዋል። ስሙን ጨርሶ ከሥሩ ምን እንደሚጽፍ ጠየቀኝ።

«ሬጅስትራር» አልኩት።

መሮውን አንስቶ አየኝ። «ተጠባባቂ ነበሩ እኮ፣ አዴ። እሱስ አይገባም?»

«ቦታ አይበቃም» አልኩት።

ድንጋዩ ሰፊ ነበር። እሱም እኔም አየነው። መሮውን አስተካክሎ «ሬ» የምትለዋን ፊደል ጀመረ።